የኮምፕቲያ ኤ ፕላስ ፈተናን ወድቆ መድገም፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ኤ ፕላስ ኮምፕቲያ የተባለው ድርጅት ለኮምፒውተር ጥገናና እገዛ ሙያ ጀማሪዎች የሚሰጠው ሰርቲፊኬት ነው። መልሶቹ አሁን በሚሰጡት የ220-1201 (ኮር 1) እና የ220-1202 (ኮር 2) ፈተናዎች ላይ የተመሠረቱ ናቸው።

ወድቄያለሁ፤ ለመድገም ስንት ቀን መቆየት አለብኝ?

ለሁለተኛው ሙከራ የተቀመጠ የመጠበቂያ ጊዜ የለም፤ ክፍት ቦታ ካለ በማግስቱም መፈተን ይቻላል። ሁለተኛውን ከወደቃችሁ ግን ለሦስተኛው ቢያንስ 14 ቀን መጠበቅ ግዴታ ነው። ከዚያ በኋላ ባሉት ሙከራዎች መካከልም እንዲሁ 14 ቀን ይጠበቃል።

ስለተፈቀደ ብቻ በማግስቱ መቀመጥ ግን ገንዘብ መበተን ነው። በንዴት የተያዘ ቀጠሮ አብዛኛውን ጊዜ ያንኑ ውጤት ይዞ ይመለሳል። ለማለፍ ጥቂት ነጥብ የቀረው ሰው ሁለት ሳምንት ቢያጠና ይበቃዋል ባይ ነኝ። ማለፊያው 675 ወይም 700 ሆኖ ሳለ 500 ወይም 550 አካባቢ ያመጣ ሰው ከአንድ ወር እስከ ስድስት ሳምንት ይስጠው። ከዚያ በላይ ማራዘምም አይመከርም፤ አዲሱ ሲጠና የቀድሞው ይረሳል።

ሁለቱንም ፈተና ነው የምደግመው?

የወደቃችሁትን ብቻ ነው። ኮር 1 እና ኮር 2 ለየብቻ የሚከፈልባቸውና ለየብቻ የሚታለፉ ፈተናዎች ናቸው፤ አንዱን አልፋችሁ ከሆነ ውጤቱ ተይዞ ይቆያችኋል። ሰርቲፊኬቱ የሚሰጠው ሁለቱም ሲታለፉ ነው። ሁለቱም ከአንድ ተከታታይ (ለምሳሌ 1201 ከ1202 ጋር) መሆን አለባቸው፤ ይህ ብዙ ሰው ያላሰበው ጣጣ ስላለበት ከታች ለብቻው ተመልሷል።

እንደገና ሙሉውን ልክፈል? የወደቀ ሰው ቅናሽ የለውም?

የለውም፤ በእያንዳንዱ ሙከራ ሙሉው ዋጋ ይከፈላል። አሜሪካ ውስጥ አንዱ ፈተና ብቻ ከ250 ዶላር በላይ ነው። ከድጋሚ ዕድል ጋር ተጠቃሎ የሚሸጥ ቫውቸር (ቀድሞ የሚገዛ የፈተና መክፈያ ኮድ) አለ፤ እሱ ግን የሚገዛው ከመጀመሪያው ፈተና በፊት ነው። ከወደቁ በኋላ ድጋሚውን ብቻ ለይቶ በቅናሽ መግዛት አይቻልም።

አሜሪካ ያላችሁ ሁለት በሮች አንኳኩ። ኮሌጅ የምትማሩ ከሆነ በተማሪ ኢሜይላችሁ የተማሪ ዋጋ ታገኙ ይሆናል። ሥራ የሌላችሁ ወይም ገቢያችሁ ዝቅተኛ ከሆነ ደግሞ በአካባቢያችሁ ወዳለው የአሜሪካን ጆብ ሴንተር ሂዱ፤ ዋዮአ በሚባለው የፌዴራል ሕግ በሚመደብ ገንዘብ የሥልጠናና የፈተና ወጪ የሚሸፈንላቸው ሰዎች አሉ። በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ያለው ወገናችን ይህን ሳያውቅ ከኪሱ ሲከፍል ይገርመኛል። መጠየቅ ያለበት ግን ከመክፈል በፊት ነው።

640 አመጣሁ። ከመቶ ስንት ማለት ነው? በስንት ጥያቄ ነው የወደቅኩት?

ወደ መቶኛ መለወጥ አይቻልም። ነጥቡ የሚሰላው ከ100 እስከ 900 በሚሄድ መለኪያ ነው፤ ለኮር 1 ማለፊያው 675፣ ለኮር 2 ደግሞ 700 ነው። መለኪያው ከዜሮ እንኳ አይጀምርም፤ ስለዚህ 640ን ለ900 አካፍሎ «71 ከመቶ አመጣሁ» ማለት ትርጉም የለውም። ኮምፕቲያ ስሌቱን አይገልጽም፤ ለሙከራ የገቡ፣ ነጥብ የማይያዝባቸው ጥያቄዎችም ሊኖሩ ይችላሉ። «በሦስት ጥያቄ ነው የሳትኩት» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ግምቱን ነው የሚነግራችሁ።

የውጤት ወረቀቱን ምን ላድርገው?

ከሁሉ በፊት አትጣሉት። ብዙ ሰው ተናዶ ከማዕከሉ ሳይወጣ ይቀደዋል፤ ቅጂው ግን ፈተናውን በሚሰጠው ድርጅት በፒርሰን ቪዩ ላይ በከፈታችሁት አካውንት ውስጥ ይገኛል። የተሳሳታችሁበትን ጥያቄ አያሳይም። የሚያሳየው ቢያንስ አንድ ጥያቄ የሳታችሁባቸውን የትምህርት ዓላማዎች ዝርዝር ነው። ኮምፕቲያ በነጻ የሚያወጣውን የፈተና ዓላማዎች ሰነድ አውርዱና እነዚያን ርዕሶች በቀለም አስምሩባቸው። የድጋሚ ጥናታችሁ እቅድ ይኼው ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ወረቀቱ በአንድ ርዕስ አንድ ጥያቄ የሳተውንና አራት የሳተውን አይለይም። ስለዚህ ከተሰመረባቸው ውስጥ የትኛው እንደሚቀድም የሚወስነው የምዕራፉ ድርሻ ነው። በኮር 1 የሃርድዌርና የኔትወርክ ብልሽት ፍለጋ 28 ከመቶ፣ ሃርድዌር 25፣ ኔትወርክ 23፣ ሞባይል 13፣ ቨርቹዋላይዜሽንና ክላውድ 11 ከመቶ ይይዛሉ። በኮር 2 ደግሞ ኦፐሬቲንግ ሲስተምና ሴኩሪቲ እያንዳንዳቸው 28፣ የሶፍትዌር ብልሽት ፍለጋ 23፣ የአሠራር ሥነ ሥርዓት 21 ከመቶ ናቸው። ክላውድ አዲስ ስለሚመስል ሰው ሳምንቱን ሙሉ እሱ ላይ ይተኛል፤ ነጥቡ ያለው ግን ብልሽት ፍለጋው ላይ ነው።

የተሰመረበትን ርዕስ አውቄዋለሁ ለማለት የምመክረው መፈተኛ፣ ሰነዱን ዘግቶ ሙያውን ለማያውቅ ሰው በአማርኛ ማስረዳት ነው። የአንድ ኮምፒውተር አይፒ አድራሻ በ169.254 ሲጀምር ምን ሆነ ማለት ነው? «አድራሻ የሚያድለው ዲኤችሲፒ ሰርቨር ስላልመለሰለት ኮምፒውተሩ ለራሱ አድራሻ ሰጠ፤ ስለዚህ ከአጠገቡ ካሉት ጋር ሊገናኝ ቢችልም ኢንተርኔት አያገኝም» ካላችሁ ገብቷችኋል። «አፒፓ ነው» (ኮምፒውተሩ ለራሱ የሚሰጠው አድራሻ መጠሪያ) ብላችሁ ከቆማችሁ ስሙን እንጂ ነገሩን አልያዛችሁትም፤ ፈተናው ደግሞ ስሙን ሳይጠራ ምልክቱን ብቻ ገልጾ ነው የሚጠይቃችሁ።

ቪዲዮዎቹን ከመጀመሪያው ጀምሬ ልያቸው?

አይ። ሁለተኛ ጊዜ የሚወድቁ ሰዎች በብዛት የሚሠሩት ስህተት ይህ ነው። አንዴ የታየ ቪዲዮ ሲደገም ሁሉም ነገር የታወቀ ይመስላል፤ ሲናገሩት ማወቅና ሳይነግሩህ ማስታወስ ግን የተለያዩ ናቸው። ያሰመራችሁባቸውን ርዕሶች ክፍሎች ብቻ ተመልከቱና ወዲያው ወደ ጥያቄ መሥራት እለፉ።

የልምምድ ጥያቄ ስትሠሩም «ሐ ነው» ብላችሁ አትለፉ። ሀ፣ ለ እና መ ለምን እንዳልሆኑ በአንድ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ያዘገያል፤ ግን ከአንድ ጥያቄ አራት ነገር ትማራላችሁ። ያንኑ የጥያቄ ስብስብ ደጋግማችሁ 95 ከመቶ ማምጣታችሁ አያታልላችሁ፤ መልሱን ሸምድዳችሁት ይሆናል። አይታችሁት በማታውቁት ስብስብ፣ በሰዓት፣ 85 ከመቶ አካባቢ ካመጣችሁ ቀጠሮ ያዙ።

የፖርት ቁጥሮችና የሌዘር ፕሪንተር ደረጃዎች ይጠፉብኛል። እንዴት ልያዛቸው?

በዝርዝር ሳይሆን በችግር ያዟቸው። «53 ዲኤንኤስ» (የድረ ገጽን ስም ወደ አይፒ ቁጥር የሚለውጠው) ከማለት፣ «ድረ ገጹ በስሙ አይከፈትም፤ በአይፒ ቁጥሩ ግን ይከፈታል» የሚል ደንበኛ አስቡና መልሱን ከቁጥሩ ጋር አያይዙ። 3389 ከሩቅ ሆኖ የዊንዶውስ ስክሪን መቆጣጠሪያ ነው፤ 445 የፋይል ማጋሪያ፤ 22 የተመሰጠረው ኤስኤስኤች፣ 23 ያልተመሰጠረው ቴልኔት፤ 67 እና 68 አድራሻ አዳዩ ዲኤችሲፒ።

ፕሪንተሩም እንዲሁ ነው። ቅደም ተከተሉ ፕሮሰሲንግ፣ ቻርጂንግ፣ ኤክስፖዚንግ፣ ዴቨሎፒንግ፣ ትራንስፈሪንግ፣ ፊውዚንግ፣ ክሊኒንግ ነው። ሽምደዳው ብቻውን ግን አያዋጣም። ቀለሙ በጣት ሲነካ የሚለቅ ከሆነ ቀለሙን በሙቀት ወረቀቱ ላይ የሚያጣብቀው ፊውዘር በሚገባ አልሞቀም። ያው ምልክት ወረቀቱ ላይ በእኩል ርቀት የሚደጋገም ከሆነ ድራሙ ወይም ከሚሽከረከሩት አንዱ ተጎድቷል። ጥያቄው የሚመጣው በዚህ መልክ ነው።

የተግባር ጥያቄዎቹ ላይ ጊዜዬ አለቀ። ምን ላድርግ?

ፒቢኪው የሚባሉት እነዚህ የተግባር ጥያቄዎች አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ ላይ ይመጣሉ፤ ወጥመዱም እዚያ ነው። ያላችሁ 90 ደቂቃ ነው፤ ጥያቄው ቢበዛ 90 ነው። የመጀመሪያው ፒቢኪው ላይ ሃያ ደቂቃ የቆየ ሰው የመጨረሻዎቹን ጥያቄዎች ሳያነብ ነው የሚሞላቸው። ምልክት አድርጋችሁ እለፏቸው፣ ምርጫዎቹን ጨርሱ፣ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ አስተርፋችሁ ተመለሱባቸው። ባዶ የሚተው ጥያቄ ግን አይኑር።

ልምምዱ በእጅ ይሁን። ለኮር 1 የቤታችሁን ዋይፋይ ራውተር ገጽ ከፍታችሁ የይለፍ ቃል፣ የምስጠራ ዓይነት፣ ቻናልና የእንግዳ ኔትወርክ የት የት እንዳለ ፈልጉ፤ አሮጌ ዴስክቶፕ ካገኛችሁ ፈታታችሁ ግጠሙት። ለኮር 2 የዊንዶውስን ጥቁር የትዕዛዝ መስኮት ክፈቱና አይፒኮንፊግ፣ ፒንግ፣ ኤንኤስሉክአፕ፣ ኔትስታት፣ ቼክዲስክ፣ ኤስኤፍሲ፣ ጂፒአፕዴት እያላችሁ በየቀኑ ጻፉ፤ ምን እንደመለሱላችሁም አንብቡ። ዲስክ የሚከፋፍለውንና የሚያጠፋውን ዲስክፓርትን ግን ሥራ የምትሠሩበት ኮምፒውተር ላይ አትሞክሩ።

ሁለት መልሶች ትክክል ይመስሉኛል፤ ሁልጊዜ የተሳሳተውን እመርጣለሁ። ለምን?

ብዙ ጊዜ ሁለቱም በእርግጥ ትክክል ስለሆኑ ነው። ጥያቄው የሚለየው በአንዲት ቃል ነው፦ መጀመሪያ ምን ታደርጋለህ? ቀጥሎስ? ከሁሉ የተሻለው የቱ ነው? ከሁሉ የሚገመተው ምክንያት የቱ ነው? እነዚህ ቃላት በጥያቄው ላይ ብዙ ጊዜ በትልልቅ ፊደላት ይጻፋሉ፤ የቸኮለ ሰው ግን እነሱኑ ይዘላቸዋል።

«መጀመሪያ» እና «ቀጥሎ» የሚሉት የሚለኩት ኮምፕቲያ ባስቀመጠው የብልሽት ፍለጋ ቅደም ተከተል ነው። ችግሩን መለየት፤ ግምት መያዝ፤ ግምቱን መፈተን፤ የሥራ እቅድ አውጥቶ መፈጸም፤ ሁሉም በትክክል መሥራቱን አረጋግጦ መከላከያ ማድረግ፤ በመጨረሻ የተሠራውን መመዝገብ። ደንበኛው «ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ ፕሪንት አያደርግልኝም» ካለና ከምርጫዎቹ አንዱ «በቅርቡ የተለወጠ ነገር አለ ወይ ብሎ መጠየቅ» ከሆነ፣ ድራይቨር እንደገና መጫን ስህተት ባይሆንም መጀመሪያ አይደለም።

እዚህ ላይ የሚወድቁት ጀማሪዎች ብቻ አይደሉም። ጥገና ቤት ዓመታት የሠሩ ሰዎች ኮምፒውተር ሲያዩ እጃቸው ራም ነቅሎ መጥረግ ወይም ፎርማት አድርጎ ዊንዶውስ መጫን ይለምዳል። ሱቅ ውስጥ ደንበኛው ቆሞ ሲጠብቅ ያስኬዳል፤ ፈተናው ላይ ግን ያስቀጣል። ኮምፕቲያ የሚጠይቃችሁ በሺህ የሚቆጠር ሠራተኛ ባለው ድርጅት የእገዛ ዴስክ ላይ እንደተቀመጠ ሰው ሆናችሁ ነው፤ ዳታ ሌላ ቦታ ሳይቀመጥ ምንም አይፎረመትም፣ ሳይመዘገብ ምንም አይዘጋም።

ቫይረስ የማጽዳት ጥያቄም የዚሁ ዘመድ ነው። ምልክቱ ከተረጋገጠ በኋላ የሚቀጥለው ማጽዳት ሳይሆን ኮምፒውተሩን ከኔትወርክ መለየት ነው። ዊንዶውስን ወደ ቀድሞ ሁኔታው የሚመልሰው ሲስተም ሪስቶር ከማጽዳት በፊት የሚዘጋው ቫይረሱ በተቀመጠው የመመለሻ ነጥብ ውስጥ ተደብቆ ተመልሶ እንዳይመጣ ነው። ምክንያቱን ያወቀ ሰው ቅደም ተከተሉን መሸምደድ አያስፈልገውም። የመጨረሻው ደረጃ ሁልጊዜ ተጠቃሚውን ማስተማር ነው።

ትምህርቱን አውቀዋለሁ፤ የጣለኝ እንግሊዝኛው ነው። መፍትሔ አለው?

ፈተናው በአማርኛ አይሰጥም፤ ስለዚህ ጽንሰ ሐሳቡን በአማርኛ ተረዱ፣ ጥያቄውን ግን ከመጀመሪያው ቀን በእንግሊዝኛ ሥሩ። ረጅም ታሪክ ያለው ጥያቄ ሲመጣ የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ቀድማችሁ አንብቡ፤ የሚፈለገው እዚያ ነው ያለው። ከዚያ ወደ ላይ ተመልሳችሁ የሚጠቅማችሁን ብቻ ልቀሙ።

የሚያደናቅፉት የቴክኒክ ቃላት ከመሆን ይልቅ ተራ የሚመስሉት ናቸው። «ኢንተርሚተንት» አልፎ አልፎ ብቅ የሚል ችግር ነው፤ ብዙ ጊዜ የላላ ኬብል፣ ሙቀት ወይም የሚያረጅ ፓወር ሰፕላይን ይጠቁማል። «ኤክሴፕት» (በስተቀር) እና «ሊስት» (ከሁሉ ያነሰ) የሚሉት ደግሞ ጥያቄውን ገልብጠው ያስቀምጡታል። በልምምድ ላይ ያላወቃችሁትን ቃል ሁሉ ደብተር ላይ መዝግቡ፤ የሚመላለሱት ጥቂቶች ናቸው።

ቤት ሆኜ ልፈተን ወይስ ማዕከል ልሂድ?

ማዕከል መሄድ ከቻላችሁ ማዕከሉን ምረጡ። በኦንላይኑ ፈተና ጠረጴዛው ባዶ መሆን አለበት፣ ክፍሉ በፎቶ ይታያል፣ ሌላ ሰው ወደ ክፍሉ መግባት አይችልም፣ ከካሜራው መራቅም አይፈቀድም። ጥያቄውን ድምፅ አውጥቶ ማንበብ እንኳ ክልክል ነው። ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ማንበብ የለመደ ሰው ይህን ሳያውቅ ይገባና ተቆጣጣሪው ያስቆመዋል። ልጆች ያሉበት ቤት፣ መብራት የሚጠፋበት ሰፈር ወይም የሚቆራረጥ ኢንተርኔት ካለ ገንዘቡን ለዕድል መስጠት ነው።

ቀጠሮ ለመለወጥ ወይም ለመሰረዝ የሚቻለው ከፈተናው ሰዓት ቢያንስ 24 ሰዓት ቀድሞ ነው። ከዚያ ካለፈ የተከፈለው አይመለስም።

አካውንቴ ላይ ያለው ስም ከፓስፖርቴ ጋር ትንሽ ይለያያል። ችግር አለው?

አለው። ስማችን በላቲን ፊደል ሲጻፍ አንዱ ሰነድ ላይ አንድ ፊደል ይደረባል፣ ሌላው ላይ ይጎድላል። የአባት ስም አንዱ ቦታ የመካከል ስም፣ ሌላው ቦታ የቤተሰብ ስም ሆኖ ይገባል፤ አያት ደግሞ አንዳንዴ ይኖራሉ፣ አንዳንዴ የሉም። አካውንቱ ላይ ያለው ስም በምታሳዩት መታወቂያ ላይ ካለው ጋር ካልገጠመ ከበር ልትመለሱና ክፍያውንም ልታጡ ትችላላችሁ። በመጀመሪያው ፈተና ዝም ተብላችሁ ማለፋችሁ በሁለተኛው እንደምታልፉ ዋስትና አይደለም። ቀጠሮ ከመያዛችሁ በፊት ኮምፕቲያን ጠይቃችሁ አስተካክሉት።

አሜሪካ ያለ ወንድሜ ቫውቸር ገዝቶ ይላክልኝ?

ይጠንቀቅ። ቫውቸር የሚሸጠው ፈተናው ለሚወሰድበት አገር ወይም ቀጣና ስለሆነ በአሜሪካ ዋጋ የተገዛው አዲስ አበባ ላይ ላይሠራ ይችላል። ሲገዛ ኢትዮጵያን የሚሸፍን መሆኑን ያረጋግጥ፤ አለበለዚያ ቀጠሮው ሲያዝ በቀጥታ በዓለም አቀፍ ካርድ መክፈል ይቀላል። የቫውቸሩን ማብቂያ ቀንም እዩ፤ ካለፈ በኋላ አይራዘምም።

ቴሌግራም ላይ በግማሽ ዋጋ የሚቸበቸበውን ቫውቸር ተዉት። ምንጩ አይታወቅም፤ በተሰረቀ ካርድ የተገዛ ሆኖ ከተገኘ የሚሰረዘው በእናንተ እጅ እያለ ነው።

ዳምፕ አጥንቶ ያለፈ ጓደኛ አለኝ። እኔስ?

ከፈተና የተሰረቀ ጥያቄ መጠቀም ፈተናው ከመጀመሩ በፊት የምትስማሙበትን ውል መጣስ ነው። ኮምፕቲያ ውጤት የመሰረዝ፣ የተሰጠ ሰርቲፊኬት የመንጠቅና ከፈተና የማገድ መብት አለው። ከውሉም ሌላ፣ ዳምፕ ውስጥ ያሉት መልሶች ብዙዎቹ የተሳሳቱ ናቸው፤ ያስቀመጣቸውም ማን እንደሆነ አይታወቅም። ጓደኛችሁ ሰርቲፊኬቱን ይዞ የሥራ ቃለ መጠይቅ ሲገባ «ኮምፒውተር ኢንተርኔት አላገኝ ብሏል፤ ከየት ትጀምራለህ?» ይባላል። እዚያ ዳምፕ የለም።

ኮር 1ን በቀድሞው 220-1101 አልፌ ነበር፤ ኮር 2ን ግን ወደቅኩ። አሁን 220-1202ን ብቻ ልውሰድ?

አይቻልም። 1101 ከ1102 ጋር፣ 1201 ከ1202 ጋር እንጂ ተቀላቅለው ሰርቲፊኬት አያሰጡም። የቀድሞው ተከታታይ የእንግሊዝኛ ፈተና መስከረም ወር ላይ፣ በፈረንጆች ሴፕቴምበር 25 ቀን 2025፣ ተዘግቷል። ስለዚህ ሁለቱንም አዲሶቹን ከዜሮ መውሰድ ግድ ነው። ያስቆጫል፤ ሁለተኛውን ፈተና «አንድ ቀን እወስደዋለሁ» ብሎ ማቆየት የሚያስከፍለው ይህን ነው።

እውቀቱ ግን አልጠፋም። ከቀድሞው ጋር የሚጋራው ይበዛል። በኮር 1 የኔትወርክ ድርሻ ከ20 ወደ 23 ከመቶ ከፍ ብሏል። በኮር 2 ሴኩሪቲ ከ25 ወደ 28 ሲያድግ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ከ31 ወደ 28 ወርዷል፤ የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሠረታዊ ጽንሰ ሐሳቦችም ተጨምረዋል። የድሮ መጽሐፋችሁን ከአዲሱ የዓላማዎች ሰነድ ጋር አስተያይታችሁ የጎደለውን ብቻ ሙሉ።

ሦስት ጊዜ ወድቄያለሁ። ልተወው?

ቀጣሪ ስንት ጊዜ እንደወደቃችሁ አያይም፤ ሰርቲፊኬቱ ላይ የሙከራ ቁጥር አይጻፍም። ስለዚህ ጥያቄው የክብር ሳይሆን የገንዘብና የዓላማ ነው። የሦስቱን የውጤት ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀምጡ። ነጥቡ ከፍ እያለ ከሆነ መንገዱ ትክክል ነው፤ ጊዜ ብቻ ነው የጎደለው። ነጥቡ አንድ ቦታ ከቆመ ወይም ያው ርዕስ ሦስቴ ከተመላለሰ፣ አራተኛውን ከመክፈላችሁ በፊት የአጠናን ዘዴያችሁን ለውጡ፤ ብቻውን ያጠና ከሰው ጋር ያጥና፣ ቪዲዮ ብቻ ያየ እጁን ኮምፒውተር ላይ ያሳርፍ።

ለምን እንደፈለጋችሁትም እዩ። የመጀመሪያ የእገዛ ዴስክ ሥራ ለማግኘት ከሆነ ኤ ፕላስ ይጠቅማል። ቀድሞውኑ በሙያው የምትሠሩ ከሆነ ግን የኮምፕቲያ የኔትወርክና የደህንነት ሰርቲፊኬቶች የሆኑት ኔትወርክ ፕላስም ሆነ ሴኩሪቲ ፕላስ ኤ ፕላስን በቅድመ ሁኔታነት አይጠይቁም። ኮምፕቲያ ልምድ ቢኖር ይመረጣል ይላል እንጂ አይከለክልም። ዋሽንግተን አካባቢ ለመከላከያ ሚኒስቴር ኮንትራት የሚሠሩ ድርጅቶችን የምትፈልጉ ደግሞ የሥራ ማስታወቂያዎቹን አንብቡ፤ ሴኩሪቲ ፕላስን በስም የሚጠይቁ ብዙ ናቸው።